ሄንሪ ዱናንትና የወፍጮው ውሃ

በክፍላችን በተደረገ አንድ የክርክር ስብሰባ ላይ የቀረበው ጥያቄ፣ ሰው የራሱን ጥቅም ከቶ ሳያስብ ለሌላው በጎ ሥራ ሊሠራ ይችላልን? የሚል ነበር። እኔ የተመደብሁት አይችልም ከሚለው ወገን ነው። የሚመጸውት ሰው ወይ የነፍሱን ዋጋ ይጠብቃል፣ ወይ ስሙ በሰው ፊት እንዲጠራለት ይሻል፣ ይህ ሁሉ ቢቀር እንኳ የድኻው ልቅሶ ስለሚያስጨንቀው የገዛ ልቡን ለማሳረፍ ይሰጣል ብዬ ተከራከርሁ። በጭብጨባም አሸነፍን። እውነቱን ለመናገር፣ ጥቂት ቀደም ብሎ በክፍላችን ለተቸገሩ ሰዎች ገንዘብ ተሰብስቦ የሰጪዎቹ ስም ሲነበብ የእኔ ስም በመዘለሉ ተቀይሜ ነበርና፣ ክርክሩን ያስጠናኝ የራሴ ጠባይ ነው።

ካሸነፍሁ በኋላ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ። ስለዚህ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ የቀይ መስቀልን አሳብ ያመነጨውን የሄንሪ ዱናንትን ታሪክ መረጥሁ። የዚህ ሰው ሕይወት ለሁለቱም ወገን ተከራካሪዎች ስንቅ ይሆናል። ቀኖቹና ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዱናንት በሜይ 8 ቀን 1828 ዓ/ም በስዊስ አገር በጄኔቭ ከተማ ተወለደ። አባቱ ነጋዴ ነበር። ወላጆቹ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ አባቱ ወላጆች ለሞቱባቸው ልጆች የሚያስብ፣ እናቱም ድኾችንና በሽተኞችን የምትረዳ ስለ ነበሩ፣ እርሱም ገና በወጣትነቱ ምጽዋት ከሚሰጡ ማኅበረተኞች ጋር ገብቶ ችግረኞችን ይጐበኝ፣ ወደ ወህኒ ቤትም እየሄደ እስረኞችን ይጠይቅ ነበር። በትምህርቱ ግን አልበረታም። ውጤቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ትምህርት ቤቱን በ1849 ዓ/ም ለቆ በአንድ የገንዘብ ልውውጥ ቤት ሥራ ተማረ። (ይህን የጻፍሁት ፈተና ለወደቁ ጓደኞቼ መጽናኛ እንዲሆን አይደለም፤ ታሪኩ እንዲህ ስለሆነ ነው።) በ1852 ዓ/ም የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበርን የጄኔቭ ክፍል ካቋቋሙት አንዱ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የንግድ ሥራ ወደ አፍሪካ ወሰደው። በ1853 ዓ/ም ወደ አልጄሪያ ሄደ፤ ቆይቶም በዚያ አገር የስንዴ ወፍጮዎች የሚያቆም ኩባንያ መሠረተ። ከጄኔቭ ዘመዶቹና ወዳጆቹም ብዙ ገንዘብ ተቀብሎ በሥራው ላይ አዋለ። አልጄሪያን በዚያን ጊዜ ፈረንሳይ በጦር ይዛት ነበር። መሬቱ የማን እንደ ነበረና ከማን እንደ ተወሰደ ይህ ደግ ሰው መጠየቁን አላነበብሁም፤ ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ ግን ትክክል አይመስለኝም። የእርሱ ጭንቀት ሌላ ነበር። ወፍጮው ያለ ውሃ አይዞርም፤ የፈረንሳይ ሹማምንትም የመሬቱንና የውሃውን ፈቃድ አጓተቱበት። ስለዚህ ጉዳዩን ለራሱ ለንጉሠ ነገሥቱ ለናፖሌዎን ሣልሳዊ ለማመልከት ቈረጠ። ደጅ ጠኚ ባዶ እጁን አይሄድምና ንጉሠ ነገሥቱን የሚያሞግስ መጽሐፍ ጽፎ አሳተመ። በዚያው ጊዜ ናፖሌዎን ከሰርዲኒያ ንጉሥ ጋር ሆኖ ኦስትሪያን ለመውጋት በሰሜን ኢጣልያ ዘምቶ ነበርና፣ ዱናንትም መጽሐፉንና ማመልከቻውን ይዞ የጦሩን ዱካ ተከተለ።

በጁን 24 ቀን 1859 ዓ/ም በሶልፌሪኖ መንደር አጠገብ ሁለቱ ወገኖች ተጋጠሙ። በሁለቱም በኩል የተሰለፈው ሠራዊት ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሲሆን፣ ከማለዳ ጀምሮ ሲዋጉ ዋሉ። በመሸ ጊዜ የሞተው፣ የቈሰለውና የደረሰበት የጠፋው ሰው ወደ 40 ሺህ ይጠጋ ነበር። ዱናንት በዚያው ሰሞን አጠገብ ካለችው ከካስቲሊዮኔ ከተማ ደረሰ። ቁስለኞቹ በጋሪና በበቅሎ እየተጫኑ በሺህ በሺህ ይመጡ ጀመር፤ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ገዳማቱ፣ የሰፈሩ ቤቶች፣ በመጨረሻም መንገዱ ሁሉ በእነርሱ ሞላ። ውሃም ምግብም በከተማው ነበረ፤ የሚያቀብል ሰው ግን ስላልነበረ ሰዎች በውሃ ጥም ይሞቱ ነበር። ሐኪሞቹ በጣም ጥቂቶች ነበሩ።

እርሱ ሐኪም አልነበረም፤ ወታደርም አልነበረም። ስለ ሙቀቱ ነጭ ልብስ ለብሶ ነበርና ቁስለኞቹ ባለ ነጭ ልብሱ ሰውዬ ብለው ያውቁት ጀመር። የከተማውን ሴቶችና ልጃገረዶች ሰብስቦ ውሃ ያቀርቡ፣ ቁስል ያጥቡ፣ ሾርባ ያድሉ ዘንድ በየቤተ ክርስቲያኑ አሰማራቸው። ሕፃናት ውሃ በባልዲ ይቀዱ ነበር። ሠረገላ ነጂውንም ወደ ብሬሺያ ከተማ ልኮ ሸሚዝ፣ የቁስል መጠቅለያ፣ ሎሚ፣ ስኳር፣ ትንባሆ በገዛ ገንዘቡ አስገዛ። ሊሞቱ ከተቃረቡት የመጨረሻ ቃላቸውን እየተቀበለ ለወላጆቻቸው ጻፈ። የካስቲሊዮኔ ሴቶችም እርሱ ለጠላትና ለወዳጅ ሳይለይ ሲያገለግል አይተው፣ ሁሉም ወንድማማቾች ናቸው እያሉ ለኦስትሪያውያኑም እንደ ፈረንሳውያኑ ያደርጉ ነበር። ሥራው ለብዙ ቀን አልቆየም። ከሞት ያዳነውም ሰው ቍጥር ከሞተው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

አሁን ለክርክሩ የሚሆነው ነገር ይመጣል። ዱናንት ከቁስለኞቹ ዘንድ ተነሥቶ የሄደው ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ጦር ሠፈር ነው። የሙገሳውን መጽሐፍ አቀረበ፤ ንጉሠ ነገሥቱን ግን ፊት ለፊት አላገኘውም፤ የውሃውንም ፈቃድ ሳይዝ ተመለሰ። ይህን ሳነብ በመጀመሪያ ደስ አለኝ፤ እንኳን እኔ እርሱም ጥቅሙን አልረሳም ብዬ። ነገር ግን ከራሴ ጋር ስሟገት፣ ነጋዴው ለጉዳዩ ሲል በዚያ መንገድ ባይሄድ ኖሮ ውሃውን ማን ያጠጣ ነበር? የሚል ጥያቄ መጣብኝ። ደግሞም ስለ ወፍጮው ብቻ የሚያስብ ሰው ቢሆን ኖሮ ቤተ ክርስቲያኑን አልፎ ሠረገላውን በነዳ ነበር። ጥቅሙ እስከ ካስቲሊዮኔ አደረሰው፤ ከዚያ ከሠረገላው ያወረደው ሌላ ነገር ነው።

ያየውን ሊረሳው አልቻለም። በ1862 ዓ/ም የሶልፌሪኖ ትዝታ የተባለውን መጽሐፍ በገዛ ገንዘቡ 1,600 ቅጂ አሳትሞ ለነገሥታት፣ ለሹማምንትና ለጦር አለቆች ላከ። በመጽሐፉ ያቀረበው አሳብ ሁለት ነው፤ አንደኛው በየአገሩ በሰላም ጊዜ ተዘጋጅተው በጦርነት ጊዜ ቁስለኛን በፈቃዳቸው የሚረዱ ማኅበሮች እንዲቋቋሙ፣ ሁለተኛው ቁስለኛንና አስታማሚን የሚጠብቅ የመንግሥታት ውል እንዲደረግ ነው። የጄኔቭ የበጎ አድራጎት ማኅበር ሊቀ መንበር የነበረው የሕግ ዐዋቂ ጉስታቭ ሞይንየ መጽሐፉን አንብቦ ለማኅበሩ አቀረበው። በ1863 ዓ/ም ሞይንየ፣ ጄኔራል ዱፉር፣ ሐኪሞቹ አፒያና ሞኗር፣ ዱናንትም አምስተኛ ሆነው ኮሚቴ አቆሙ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የብዙ መንግሥታት መልክተኞች በጄኔቭ ተሰበሰቡ፤ በነጭ ላይ ቀይ መስቀልም ምልክት ሆነ። በኦገስት 22 ቀን 1864 ዓ/ም 12 መንግሥታት የጄኔቭን ውል ፈረሙ።

የዚህ ሥራ ፍሬ ወደ አገራችንም ደርሷል። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በ1896 ዓ/ም የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው ቁስለኞቻችንን አክመዋል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1935 ዓ/ም ተቋቋመ፤ ወዲያውም ጦርነት መጣ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር 30 ቀን የፋሽስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች በዶሎ ግንባር የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ደበደቡት፤ በድንኳኑ ውስጥ ከተኙት ቁስለኞች ብዙዎቹ ሞቱ፤ ለእርዳታ ከመጡት ስዊድናውያንም አንዱ በዚሁ ሕይወቱን አጣ።

ወደ ዱናንት እንመለስ። ለቀይ መስቀል ሲሮጥ የወፍጮውን ነገር ተወው፤ ኩባንያውም ወደቀ። በ1867 ዓ/ም እርሱ ከአስተዳዳሪዎቹ አንዱ የነበረበት የጄኔቭ ባንክ ከሰረ፤ በ1868 ዓ/ም ፍርድ ቤቱ በማታለል ተጠያቂ ነህ ብሎ ፈረደበት። ዕዳው ወደ አንድ ሚሊዮን ፍራንክ ይጠጋ ነበር። ገንዘባቸውን ካጡት መካከል ወዳጆቹና ቤተ ዘመዶቹ ነበሩ። ሰው ለማያውቀው ቁስለኛ ሲያስብ ያመነውን ጎረቤቱን ቢያከስር፣ ይህ ደግነት ነው ወይስ አይደለም? መልሱ ለእኔ ቀላል አልሆነልኝም። ኮሚቴው ከአባልነት አስወጣው፤ የወጣቶቹም ማኅበር እንዲሁ አደረገ። የትውልድ ከተማውን ለቆ እስኪሞት ድረስ አልተመለሰባትም።

በፓሪስ የቀመሰው ድኽነት ተራ አልነበረም። የኮቱን የነጣ ቦታ በቀለም እያጠቆረ፣ የሸሚዙን ክሳድ በጠመኔ እያነጣ፣ የሚተኛበት ሲያጣ በባቡር ጣቢያ መጠበቂያ ክፍል ያድር እንደ ነበር በኋላ ራሱ ጽፏል። ከዚያም በእንግሊዝና በጀርመን አገር ሲንከራተት ቈይቶ በ1887 ዓ/ም ሃይደን ወደምትባል የስዊስ ትንሽ ከተማ ገባ፤ በ1892 ዓ/ም ደግሞ በዚያ ባለው ሆስፒታል አንድ ክፍል ተቀብሎ 18 ዓመት ኖረበት። የሚተዳደረው ከዘመዶቹ በሚላክለት ጥቂት ገንዘብ ነበር። ዓለሙ ሞቷል ብሎ ረስቶት ሳለ በ1895 ዓ/ም አንድ ጋዜጠኛ አግኝቶት ስለ እርሱ ጻፈ፤ ጽሑፉም በአውሮፓ ጋዜጦች ሁሉ ተዛመተ።

ይህ ሰው ክብርን የናቀ መናኝ አልነበረም። ሞይንየ የቀይ መስቀል አባት ተብሎ ሲሞገስ ያቃጥለው ነበር፤ አሳቡ የእርሱ መሆኑን ለማስመስከር ብዙ ጻፈ፣ ብዙ ደብዳቤም ላከ። ለሞይንየም ቢሆን እውነተኛ ፍርድ ይገባዋል። ለዱናንት የጨከነ ቢሆንም ኮሚቴውን ከ40 ዓመት በላይ መርቶ ያጸናው እርሱ ነው፤ ያለ እርሱ የዱናንት አሳብ በመጽሐፍ ላይ ሊቀር ይችል ነበር።

በ1901 ዓ/ም የኖቤል የሰላም ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ለዱናንትና ለፈረንሳዊው ፍሬደሪክ ፓሲ እኩል ተከፈለ። ዱናንትን ይሸለም ማለታቸውን የተቃወሙ ነበሩ፤ ቁስለኛን ማከም ጦርነትን አያስቀርም የሚል ነበር ምክንያታቸው። የዱናንት ድርሻ 104 ሺህ የስዊስ ፍራንክ ነበር። አንድ የኖርዌይ ወታደራዊ ሐኪም ወዳጁ፣ ባለ ዕዳዎቹ እንዳይወስዱት ብሎ ገንዘቡን በኖርዌይ ባንክ አስቀመጠለት። ዱናንት ከዚያ ወዲህ 9 ዓመት ሲኖር ለራሱ ምቾት አላዋለውም፤ በዚያችው ክፍል ተቀመጠ። በሽምግልናው ጠላቶቹ ሊመርዙት እንደሚሹ እየጠረጠረ፣ ምግቡን ሌላ ሰው ካልቀመሰለት አይበላም ነበር። ለባለ ዕዳዎቹስ ለምን አልከፈላቸውም? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር እኔም አብሬው እጠይቃለሁ።

ሞይንየ በኦገስት ወር 1910 ዓ/ም ሞተ። ዱናንትም ሁለት ወር ቈይቶ በኦክቶበር 30 ቀን በሃይደን ሆስፒታል በ82 ዓመቱ ዐረፈ። ሥርዓተ ቀብር እንዳይደረግለት አዝዞ ነበርና በዙሪክ ከተማ መካነ መቃብር ያለ ንግግርና ያለ ሰልፍ ተቀበረ። ኑዛዜው ሲከፈት ላስታመሙትና ለወዳጆቹ፣ እንዲሁም በኖርዌይና በስዊስ ላሉ የበጎ አድራጎት ማኅበሮች ገንዘብ ትቶ ተገኘ። ለሆስፒታሉም፣ ከዚያ አካባቢ የሚመጣ ድኻ በሽተኛ ሁልጊዜ ሳይከፍል የሚተኛበት አንድ አልጋ እንዲቆም አዝዞ ነበር።