ዕብድ የተባሉት ሰይድ

ሰይድ መሐመድ አብዲሌ ሐሰን በጅጅጋ ታሪክ ስማቸው የሚነሣው በ1900 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት ተከታዮቻቸው በከተማዪቱ የሰፈረውን የኢትዮጵያ ጦር ወግተው፣ ብዙ ሰው ቢያልቅባቸውም፣ የተወሰደባቸውን ከብት በከፊል አስመለሱ። ሰይድ የሃይማኖት መምህርና ግጥማቸው እስከ ዛሬ በቃል የሚነገር ባለቅኔ ነበሩ። ከእንግሊዞች ጋር ሃያ ዓመት ያህል ተዋግተው የተሸነፉት፣ በ1920 አውሮፕላኖች ምሽጎቻቸውን ከደበደቡ በኋላ ነው።

እንግሊዞች ግን ዕብዱ ሙላ ሲሉ ሰየሟቸው። ሐኪም መርምሮ ያወጣው ስም አልነበረም። ጨካኝነታቸውን እኛም አንክድም፤ የገዛ ወገናቸው የሱማሌም ደም በብዙ ፈስሷል። ሆኖም ጨካኝ ማለት ሌላ፣ ዕብድ ማለት ሌላ ነው፤ ዕብድ የተባለ ሰው ለምን እንደሚዋጋ የሚጠይቀው የለም። በእውነት የታመመውም ዕጣ ይኸው ነው። እኛ ራሳችን በልጅነታችን የሰፈራችንን ዕብድ ስሙን ጠይቀነው አናውቅም። በቡታጅራ አካባቢ ተካሂዶ በ2001 በታተመ ጥናት፣ ከተጠየቁት የአእምሮ ሕሙማን ቤተ ሰቦች 75 በመቶው መገለል እንደሚሰማቸው ገልጸዋል።

ሰይድ መሐመድ ከሽንፈታቸው በኋላ ወደ ኦጋዴን ሸሽተው፣ በ1920 መገባደጃ ላይ በዋቢ ሸበሌ ዳር በምትገኘው በኢሚ ታመው ሞቱ። ቅጽሉ ግን በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ውስጥ ለብዙ ዘመን ከስማቸው ጋር ሲጻፍ ኖረ።