በውጭ ባሉት ዘንድ መልካም ምስክር፤ ስለ ልዑል ራስ መኰንን

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በላከው መልእክት ለኤጲስ ቆጶስነት የሚታጭ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ባሉት ሰዎች ዘንድ እንኳ መልካም ምስክር ያለው እንዲሆን ያዝዛል። ይህ ትእዛዝ ለካህናት ብቻ የተነገረ የሚመስለው ሰው ከድሬዳዋ ወደ መልካ ጀብዱ ወርዶ ይመልከት። በዚያ ቆላ ክርስቲያኑ ከሙስሊም ጎረቤቱ ጋር በአንድ ገበያ ይገዛል፣ ይሸጣል፤ በኀዘንም በደስታም ይገናኛል። ጎረቤቱ ወንጌልን ገልጦ ባያነብ የክርስቲያኑን ሚዛን፣ የቃሉን መጽናትና ዕዳ አከፋፈሉን ግን ዕለት ዕለት ያያል። እኛም ይህን ስናስብ በዚያው አገር ለብዙ ዘመን የገዙት የልዑል ራስ መኰንን ሕይወት ትዝ አለን።

ልዑል ራስ መኰንን በ1844 ዓ.ም. ከደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ጉዲሳና ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ከወይዘሮ ተናኘወርቅ ተወለዱ፤ ለዳግማዊ ምኒልክ የአክስት ልጅ ናቸው። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረር በተያዘች ጊዜ ግዛቷ ለእርሳቸው ተሰጠ። ከተማይቱ የእስልምና ሊቃውንትና የነጋዴዎች ከተማ ነበረች። እዚህ ላይ ሸፍነን ልናልፈው የማይገባ ነገር አለ፤ በግብፆች ዘመን የተሠራው መስጊድ በነበረበት ስፍራ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተተክሏል። የተሸነፈ ሕዝብ እንዲህ ያለውን ነገር በቶሎ አይረሳም። እንግዲህ ልዑሉ መልካም ስምን መፈለግ የነበረባቸው ከሚያመሰግኗቸው መካከል ሳይሆን ልቡ ከቈሰለ ሕዝብ ነው፤ የዋህነትና ትዕግሥት የተፈተነውም በዚያ ነው። በከተማይቱ ሐኪም ቤት አቋቋሙ፤ የውጭ አገር ሰዎችን በአክብሮት ተቀበሉ፤ ለልጃቸው ለተፈሪም የዘመናዊ ትምህርት መምህራን አቆሙለት።

ነገር ግን የሰው ስም እጅግ የሚፈተነው በመጠርጠር ነው። በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ከተፈረመ በኋላ ልዑሉ የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ወደ ኢጣልያ ሄዱ፤ ከንጉሥ ኡምቤርቶ ጋር ተገናኙ፤ ተጨማሪውንም ውል በዚያ ፈረሙ። በኋላ የአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ቃል የማይስማማ መሆኑ ሲገለጥ ጠቡ ተነሣ። ኢጣልያኖች ግን ልዑሉን እንደ ወዳጃቸው ቈጥረው ከንጉሠ ነገሥቱ ይለዩልናል ብለው ተስፋ ማድረጋቸውን አልተዉም። ጠላት ወዳጄ ነው ብሎ የሚያወራለት ሰው በወገኖቹ ፊት ምን ያህል እንደሚከብደው አንባቢ ያስበው። ሐሜት ለማንሣት ከዚህ የበለጠ ምክንያት አያስፈልግም ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙ ሰው ስሙን ለማዳን በየአደባባዩ ይምላል፣ ይገዘታል፤ ወይም ንጹሕ መሆኑን ለማሳየት ከሁሉ ይልቅ ጨካኝ ይሆናል። የልዑሉ መንገድ ከሁለቱም የተለየ ነው። በኅዳር 1888 ዓ.ም. በአምባላጌ የጦሩ ግንባር መሪ ሆነው ተዋጉ፤ የኢጣልያም ጦር ድል ሆነ። የታማኝነት ጥያቄ በዚያ ቀን መልስ አገኘ።

ከዚያ በኋላ በመቀሌ የሆነው ደግሞ የዚያኑ ያህል ያስደንቃል። ተከቦ በውኃ ጥም የተጨነቀው የኢጣልያ ጦር በጥር ወር መሣሪያውን እንደ ያዘ እንዲወጣ በተፈቀደ ጊዜ ያን ጦር በሰላም የሸኙት እኒሁ ራስ መኰንን ናቸው። በአምባላጌ የተዋጉት ሰው በመቀሌ የተገባውን ቃል ጠበቁ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የካቲት 23 ቀን በዐድዋ እንደገና ተሰለፉ። ለወገን መታመንና ለጠላት ቃልን መጠበቅ በአንድ ሰው ሲገኙ እንዲህ ያለውን ስም ወሬ አያፈርሰውም።

ከድሉ በኋላ ልዑሉ በቁልቢ ደጋ በቅዱስ ገብርኤል ስም ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። በ1894 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ወክለው በንጉሥ ኤድዋርድ የዘውድ በዓል ለመገኘት ወደ ለንደን ሄዱ፤ በሚቀጥለው ዓመት የምድር ባቡር ድሬዳዋ ደረሰ። ስለ እነዚህ ነገሮች የጻፉ ብዙዎች ስለ ሆኑ አናስረዝመውም።

በ1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ በመንገድ ታመው ወደዚያው ወደ ቁልቢ ተመለሱ። በሕመማቸው ጊዜ ልጃቸውን ለንጉሠ ነገሥቱ በደብዳቤ አደራ ሰጡ። ይህ ሰው ለልጁ ያቆየለት ትልቁ ሀብት በምኒልክ ዘንድ የነበረው መታመን ነበርና አደራውን በዚያ ላይ አስቀመጠው። በመጋቢት ወር በቁልቢ ዐረፉ፤ አስከሬናቸውም በሐረር በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ዛሬ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አዲሱ ባቡር መንገደኞቹን የሚያወርደው በመልካ ጀብዱ በኩል ነው። ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ከዚያ ተነሥተው ወደ ቁልቢ ደጋ የሚወጡ ስእለተኞች ብዙ ናቸው፤ በመካከላቸውም ስእለታቸውን የያዙ ሙስሊሞች አይታጡም።