ይድነቃቸው ተሰማ፦ ኢትዮጵያን ለዋንጫ ያበቁት አሠልጣኝ፣ አፓርታይድን የሞገቱት የአፍሪካ እግር ኳስ መሪ

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. (እአአ 1962) በአዲስ አበባ ስታዲየም የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ ሊጠናቀቅ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። ኢትዮጵያ በግብፅ 2 ለ 1 እየተመራች ነው። ግብፅ የቀደሙትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች ናት። በ1957 በካርቱም፣ በ1959 ደግሞ በካይሮ ኢትዮጵያን በሁለቱም ጊዜ 4 ለ 0 አሸንፋለች። ዕለቱ የቀደመው ታሪክ የሚደገምበት ይመስል ነበር።

ታሪኩ ግን አልተደገመም። ኢታሎ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ አቻ የምታደርገውን ግብ አስቆጠረ። ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሲያመራም ሌላ ግብ አከለ። ሊጠናቀቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ከመረብ አሳረፈ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ይህን ቡድን ያሠለጠኑት የ40 ዓመቱ ጎልማሳ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ አሠልጣኞች የኢትዮጵያን ብሔራዊ ቡድን መርተዋል። ከሀንጋሪም ከጀርመንም የመጡ ባለሙያዎች ነበሩባቸው። ዋንጫውን ያስገኙት ግን ይድነቃቸው ብቻ ናቸው። ይሁን እንጂ የሕይወታቸው ትልቁ ትግል የተካሄደው ከሜዳው ውጭ፣ በጉባኤ አዳራሾች ውስጥ ነበር። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የባለቅኔው ልጅ

ይድነቃቸው የተወለዱት በ1914 ዓ.ም. በእንቁጣጣሽ ዕለት በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዘመናቸው ስመ ጥር ባለቅኔና ዘፋኝ ነበሩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ የኢትዮጵያን የተቀዳ ሙዚቃ ታሪክ የጀመሩ ሰው ናቸው።

ልጃቸው በአዲስ አበባ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ። ልባቸውን የወሰደው ግን ኳስ ነበር። በ1935 የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ሲመሠረት ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉት ይድነቃቸው ማልያውን ለበሱ። ይህንኑ ማልያ ለ23 ዓመታት አላወለቁትም።

ክለቡ በተመሠረተ በዓመቱ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው ኃይል ነጭና ጥቁርን የሚለያይ የዘር ሕግ አወጣ። መኖሪያው፣ መዝናኛውና ትዳሩ ሁሉ በቀለም ተከፈለ። ኳስም ከዚህ አላመለጠም፤ ኢትዮጵያውያን ከኢጣልያውያን ጋር በአንድ ሜዳ እንዳይጫወቱ ተደረገ። ይድነቃቸው የወጣትነት ዘመናቸውን ያሳለፉት በዚህ አጥር ውስጥ ነው። በኋላ በአህጉር መድረክ የወሰዷቸው አቋሞች ሥር ያለው እዚህ ላይ ይመስላል።

ከነፃነት በኋላ

ወራሪው ተባርሮ አገር ሲረጋጋ ስፖርቱን እንደገና የማደራጀቱ ሥራ በጥቂት ወጣቶች ትከሻ ላይ ወደቀ። ይድነቃቸው ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነበሩ። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ1943 ተመሠረተ። በ1944 በአዲስ አበባ የተጀመረው የሻምፒዮና ውድድር የከተማይቱን መልክ ያሳያል። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር የተሰለፉት የኢጣልያውያኑ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቀለም የተከለለው ሜዳ አሁን ሁሉም የሚገናኝበት ሆነ።

በታኅሣሥ 1947 ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጨዋታዋን አደረገች። ተጋጣሚዋ ጎረቤቷ፣ በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ሶማሊላንድ ትባል የነበረችው የዛሬዋ ጂቡቲ ነበረች። አዲስ አበባና ጂቡቲ ከ1917 ጀምሮ በባቡር ሐዲድ የተገናኙ ከተሞች ናቸው። ጨዋታው በኢትዮጵያ 5 ለ 0 አሸናፊነት ተጠናቀቀ። ለሁለቱም ወገን የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ግጥሚያ በመሆኑ የኢትዮጵያም የጂቡቲም ብሔራዊ ቡድን ታሪክ የሚጀምረው ከዚሁ ቀን ነው።

ይድነቃቸው በዚያ ዘመን ዛሬ ለአንድ ሰው የማይሰጡ ሥራዎችን ደራርበው ይዘው ነበር። ለክለባቸውና ለብሔራዊ ቡድኑ ይጫወታሉ፤ ቡድን ያሠለጥናሉ፤ የስፖርት ጽሕፈት ቤቱን ያንቀሳቅሳሉ። የኦሊምፒክ ኮሚቴውን በዋና ጸሐፊነት መርተዋል። ኢትዮጵያ በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍም ሆነ በ1960 አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶን ወርቅ ሲያመጣ በአስተዳደሩ ወንበር ላይ ነበሩ።

የካርቱም ውሳኔ

በየካቲት 1957 የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ካርቱም ላይ ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። ኢትዮጵያን ከወከሉት መካከል ይድነቃቸው ይገኙ ነበር። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ካርቱም ውስጥ ተዘጋጀ።

ደቡብ አፍሪካ ግን የምትልከው ወይ ነጮችን ብቻ ወይ ጥቁሮችን ብቻ የያዘ ቡድን እንደሆነ አሳወቀች። የተቀላቀለ ቡድን በአፓርታይድ ሥርዓት አይፈቀድም ነበር። መሥራቾቹ ይህን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ውጭ ሆነች። በዚህ ሳቢያ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ ተሸነፈች። ገና በሁለት እግሩ ያልቆመ ድርጅት ከአራት መሥራቾቹ አንዱን ለማጣት መቁረጡ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ኢጣልያውያን በከለሉት ሜዳ ላደጉት ለይድነቃቸው ግን ነገሩ አዲስ አልነበረም።

ከአምስት ዓመት በኋላ ለዋንጫ ያበቁት ቡድን ራሱ ለዚህ አስተሳሰብ መልስ የሰጠ ነበር። አምበሉ ሉቺያኖና ወንድሙ ኢታሎ ከኢጣልያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ የአሥመራ ልጆች ናቸው። መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ አሠልጣኙ ካደጉበት ከቅዱስ ጊዮርጊስ የመጣ ነበር። ቡድኑ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸንፎ ነው ከግብፅ ጋር የተፋጠጠው። ሉቺያኖና መንግሥቱ ኋላ በተራቸው የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኞች ለመሆን በቅተዋል።

አንድ ቦታ ለአንድ አህጉር

ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ከነበሩት 16 ቦታዎች ለአፍሪካ በቀጥታ የተሰጠ አልነበረም። የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያ አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ ለአንድ ቦታ እንዲፎካከር ነበር የተወሰነው። ይድነቃቸው ከጋናዊው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ተቃውሞውን መሩ። የአፍሪካ አገሮችም በአንድነት ከማጣሪያው ወጡ። ከዚህ በኋላ ፊፋ ለአፍሪካ አንድ ቋሚ ቦታ ፈቀደ፤ በ1970 ሞሮኮ ሜክሲኮ ላይ የዚህ ትግል የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ ሆነች።

ይድነቃቸው በ1972 የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ወንበሩን እስከ ዕለተ ሞታቸው ለ15 ዓመታት ያዙት። ከ1971 ጀምሮም የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ነበሩ። በፊፋ መድረክ ደቡብ አፍሪካ በ1961 ታግዳ በ1963 እገዳው ቢነሣላትም፣ በ1964 የአፍሪካውያኑ ግፊት እገዳውን መለሰው። በ1974 ፍራንክፈርት ላይ ዣዎ ሃቬላንዥ እንግሊዛዊውን ስታንሊ ራውስን አሸንፈው የፊፋን ፕሬዚዳንትነት የያዙት በአፍሪካ ድምፅ ታግዘው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ሙሉ በሙሉ ተባረረች። በ1982ቱ የዓለም ዋንጫም የአፍሪካ ቦታ ሁለት ሆነ።

ሁሉም አቋማቸው ግን ዘመኑን አልተሻገረም። በእሳቸው ትውልድ መሪዎች ዘንድ የአፍሪካ ኳስ በአፍሪካ ምድር ማደግ አለበት የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነበር። አንድ ብሔራዊ ቡድን በውጭ አገር ከሚጫወቱት ከሁለት በላይ እንዳያሰልፍ የሚከለክል ደንብ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሠርቷል። ደንቡ የአገር ውስጥ ክለቦችን ለመጠበቅ የታሰበ ነበር፤ በአውሮፓ እንጀራቸውን ለሚያገኙ ተጫዋቾች ግን የአገራቸውን ማልያ የመልበስ ዕድል አጥብቦባቸዋል። ዛሬ የአፍሪካ ታላላቅ ቡድኖች ከሞላ ጎደል በአውሮፓ በሚጫወቱ ልጆች የተገነቡ ናቸው።

ያላዩት ፍሬ

ይድነቃቸው ተሰማ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው በካንሰር ሕመም አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። በዚያን ጊዜ ኔልሰን ማንዴላ ገና እስር ቤት ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ወደ ዓለም አቀፍ እግር ኳስ የተመለሰችው በ1992 ነው። በ1996 የአፍሪካን ዋንጫ በሜዳዋ ስታነሣ ጥቁሮችና ነጮች በአንድ ማልያ ተሰልፈው ነበር። ካርቱም ላይ የተጠየቀችውን ከ39 ዓመት በኋላ አደረገችው።

የኢትዮጵያ ቡድን በበኩሉ ከ1982 በኋላ ለ31 ዓመታት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቆ ቆየ። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው እየተመራ የተመለሰው በ2013 ሲሆን፣ ውድድሩ የተካሄደውም በደቡብ አፍሪካ ነበር። ይድነቃቸው የከለሏት አገር፣ የአገራቸውን ልጆች በእንግድነት ተቀበለች።

በ1962 የተነሣው ዋንጫ እስከ ዛሬ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነው። በ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ግን ለአፍሪካ በቀጥታ የተመደቡት ቦታዎች ዘጠኝ ናቸው። አገራቸው ከዘጠኙ በአንዱም ባትቀመጥ እንኳ፣ የመጀመሪያዋን ቦታ ለማግኘት ከታገሉት መካከል አሠልጣኟ ነበሩ።