ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፦ በሰንሰለት ውስጥ በእግዚአብሔር የታመኑ መነኩሴ



የራያ ቆላ ገበሬ ጭንቀት ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። ሐምሌ ሲገባ ዓይኑ ደመናውን ይከተላል። ዝናቡ ይመጣል ወይስ ይቀራል? ጎርፉ ከተራራው ወርዶ ማሳውን ያጠጣል ወይስ ጠራርጎት ይሄዳል? የዘራው ማሽላስ ለልጆቹ ይደርሳል? የ1977 ዓ.ም. ረሃብና ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የደረሰው ጦርነት በቆቦና በአካባቢው ያስቀሩት ሐዘን ገና ከልብ አልወጣም። ስለዚህ ጌታችን በተራራው ስብከቱ ስለ ነገ እንዳንጨነቅ ሲያስተምረን፣ ቃሉ ለጆሮ የቀለለ፣ ለኑሮ ግን የከበደ መስሎ ይታየናል። ይህን ቃል በሕይወታቸው ከፈጸሙት አባቶች አንዱ ወደ ወሎ በሚዘምት ሠራዊት መካከል ታስረው ሲጓዙ ያረፉት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው።

አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1791 በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን ቢያጡም ትምህርት ከመፈለግ አልተገቱም። በመርጡለ ማርያም ገዳም ተምረው መነኮሱ፤ በኋላም በጎንደር የታወቁ መምህር ሆኑ። በዘመኑ ሊቃውንቱ ስለ ክርስቶስ ምሥጢር በብርቱ ይከራከሩ ነበር። መነኩሴውም በነገሩ ዕረፍት ስላጡ ከገዳም ወደ ገዳም እየተዘዋወሩ የብራና መጻሕፍትን መረመሩ። የእርሳቸው የመጀመሪያ ጭንቀት የእንጀራ ሳይሆን የእውነት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1841 ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ እንዲያመጡ ወደ ግብፅ ከላኳቸው ሰዎች ጋር አብረው ተጓዙ። የመልእክተኞቹ የጉዞ ጓደኛ ላዛሪስቱ ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ማለትም በሕዝቡ ዘንድ አቡነ ያዕቆብ የተባሉት፣ ነበሩ። ጉዞው እስከ ሮም የደረሰ ሲሆን፣ በዚያም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛን ለማየት በቁ። አባ ገብረ ሚካኤል ከተመለሱ በኋላም ፈጥነው አልወሰኑም፤ ጠየቁ፣ አመዛዘኑ፣ ጸለዩ። እ.ኤ.አ. በ1844 ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ከዚያም በትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ ዝግጅትና ወጣቶችን በማስተማር የአቡነ ያዕቆብ ረዳት ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1851 ዕድሜያቸው ስድሳ ሲደርስ በአቡነ ያዕቆብ እጅ የክህነት ማዕረግ ተቀበሉ።

የክህነት ዘመናቸው አጭር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 ከአራት ወንድሞች ጋር በጎንደር ተይዘው ታሰሩ፤ ለብዙ ወራትም እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ቆየ። አቡነ ያዕቆብ ከዚያ ስለተባረሩ እስረኞቹ የሚያጽናናቸው አባት በአጠገባቸው አልነበረም። እምነታቸውን ቢተዉ ነጻ እንደሚወጡ ሲነገራቸው፣ አረጋዊው ካህን እምቢ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1855 በነገሡት በዐፄ ቴዎድሮስ ፊት ቀርበው ተገረፉ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው፤ የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደንና ሌሎች ሲማልዱላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ።

የተረፈላቸው ዕድሜ ግን ጥቂት ወራት ብቻ ነበር። በሰንሰለት ታስረው ሠራዊቱን ተከትለው እንዲጓዙ ተደረገ። ከሚሰጣቸው ጥቂት ምግብ ለሌሎች ያካፍሉ እንደነበር፣ ጠባቂዎቻቸው እንኳ ያከብሯቸው እንደነበር ታሪካቸው ይነግረናል። በ64 ዓመታቸው ገደማ፣ በዚያው ዓመት ክረምት፣ ጨረጫ ገባባ በተባለ ስፍራ በድካምና በሕመም ሰንሰለታቸውን እንደታሰሩ ዐረፉ። ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1926 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ አማካይነት ብፅዕናቸውን አወጀች። አቡነ ያዕቆብም እ.ኤ.አ. በ1975 ቅድስናቸው ታወጀ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በእግዚአብሔር መታመን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። አባ ገብረ ሚካኤል እውነትን ለማግኘት እስከ ሮም ተጉዘዋል። የቆላው ገበሬም የጎርፍ መቀልበሻውን በጊዜው ያበጃል፣ ዘሩን ይዘራል፤ ደመናውን ግን ለባለቤቱ ይተዋል። ሁለተኛ፣ መታመን መከራው እንዲቀር የሚደረግ ውል አይደለም። የብፁዑ አባት ሰንሰለት አልተፈታም፤ የተፈታው ልባቸው ነበር። የሚጨነቅ ሰው ያለውን ጨብጦ ይይዛል፤ የታሰረው መነኩሴ ግን ከጥቂቱ ምግቡ ለጎረቤቱ ቆረሰ። ጭንቀት ልባችንን መልቀቁ የሚታወቀው እጃችን ሲዘረጋ ነው።

እናንተ ካተኪስቶችም ሕፃናትን ስታስተምሩ ይህን ታሪክ አትርሱ። በቤቱ ሐዘን ያለበትን፣ ዝናብ የቀረበትን፣ ልጁን በጦርነት ያጣውን ምእመን አትጨነቅ በማለት ብቻ አታሰናብቱት፤ ከእርሱ ጋር ተቀመጡ፣ ጸልዩ፣ ከእንጀራችሁም አካፍሉት። የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ጸሎትና አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።