ኢማም አል-ቡኻሪና የሰነድ መንገድ



ባለፈው ሴሚስተር የቡድን ፕሮጀክታችንን ጊዜያዊ ፋይሎች የሚያጸዳ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። የሚጸዳውን ፎልደር ስሙን ብቻ ነበር የሰጠሁት፤ ሙሉ አድራሻውን አላስገባሁም። ፕሮግራሙን ከሌላ ቦታ ሳስነሳው ያንኑ ስም የያዘ ሌላ ፎልደር አገኘና የሦስት ጓደኞቼን የሁለት ሳምንት ሥራ አጠፋው። ያን ማታ አዳማ ዶርም ውስጥ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ልጅ ሆኜ መቂ መድረሳ የሰማሁት የአንድ ልጅ ታሪክ ትዝ አለኝ።

ልጁ ሙሐመድ ኢብኑ ኢስማዒል ነው፤ በኋላ ኢማም አል-ቡኻሪ (ረሒመሁላህ) የተባሉት። በ194 ዓመተ ሂጅራ (810 እ.ኤ.አ.) ዛሬ ኡዝቤኪስታን ውስጥ በምትገኘው ቡኻራ ተወለዱ። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደጓቸው እናታቸው ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሳሉ አድ-ዳኺሊ የሚባሉ ሸይኽ ደርስ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሸይኹ አንድ ሰነድ ሲያነቡ ሱፍያን ከአቡ ዙበይር፣ አቡ ዙበይር ከኢብራሂም አሉ። ልጁ አቡ ዙበይር ከኢብራሂም እንዳላስተላለፈ ተናገረ። ሸይኹ ተቆጡት። እሱ ግን ዋናው ጽሑፍ እንዲታይ ለመናቸው። ገብተው አይተው ሲመለሱ ትክክሉን ጠየቁት፤ ሰውየው ዙበይር ኢብኑ ዓዲይ መሆኑን ነገራቸው። ሸይኹም ብዕር ተቀብለው ኪታባቸውን አረሙ። ልዩነቱ አቡ የምትል ሁለት ፊደል ብቻ ነበረች።

የእኔም ጥፋት የዚህ ዘመድ ነው። ሊኑክስ ላይ በስላሽ የሚጀምር አድራሻ ሙሉ ነው፤ ከሥሩ ይነሳል። በስላሽ የማይጀምር ግን ትርጉሙ ፕሮግራሙ በቆመበት ቦታ ይወሰናል። ዊንዶውስ የድራይቭ ፊደል ይጨምራል፤ ከፊደሉና ከሁለት ነጥቡ ቀጥሎ ባክስላሽ ከሌለ ግን ያም አድራሻ ሙሉ አይደለም፣ ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እንሳሳታለን። ስለዚህ ጥሩ ኮድ አስቀድሞ የአድራሻውን ዓይነት ይለያል፣ ከዚያ በየክፍሉ ይቆርጠዋል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ግን ዲስኩን ገና አልነካም። አጻጻፉ ያማረ አድራሻ የሌለ ፋይል ሊያመለክት ይችላል።

የሐዲስ ሊቃውንት ሐዲሱ የመጣበትን ሰነድ ጠሪቅ ይሉታል፤ መንገድ ማለት ነው። ያልተቋረጠውን ሙተሲል፣ መሐል ላይ የተበጠሰውን ሙንቀጢዕ ብለው ይለያሉ። ቡኻሪ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ መንገድ ነው። በ16 ዓመታቸው ከእናታቸውና ከወንድማቸው ጋር ሐጅ አደረጉ፤ እነሱ ሲመለሱ እሳቸው ለዕውቀት መካ ቀሩ። በ18 ዓመታቸው መዲና ውስጥ፣ በጨረቃ ብርሃን፣ የራዊዎችን ስም የሚመዘግበውን አት-ታሪኽ አል-ከቢርን መጻፍ ጀመሩ። ከዚያ በስራ፣ ኩፋ፣ ባግዳድ፣ ሻም፣ ግብፅ፤ ከአንድ ሺህ በላይ ሸይኾች ዘንድ ጻፉ። ፊቅሁን አንድ ሸይኽ ጋ፣ ነሕዉን ሌላ ሸይኽ ጋ ፍለጋ የሚዞሩት የወሎ ደረሶች ይህን ኑሮ ያውቁታል።

ባግዳድ ሲደርሱ የከተማዋ ሊቃውንት ፈተና አዘጋጁላቸው። መቶ ሐዲስ ወስደው የአንዱን ሰነድ ከሌላው ንግግር ጋር አቀላቀሉና ለአሥር ሰዎች አሥር አሥር አከፋፈሉ። እያንዳንዱ ሲያነብላቸው እንደማያውቁት ብቻ ይመልሱ ነበር፤ አንዳንዱም አላዋቂ መሰሉት። አሥሩም ሲጨርሱ ወደ መጀመሪያው ዞረው በየተራ፣ ስህተቱን እንደተነበበ ከደገሙ በኋላ እያንዳንዱን ሰነድ ወደ ባለቤቱ መለሱት። እኔን የሚያስገርመኝ ትክክሉን ማወቃቸው ሳይሆን መቶውን ስህተት በቅደም ተከተሉ አንድ ጊዜ ሰምተው መያዛቸው ነው።

ሶሒሕን ለማዘጋጀት 16 ዓመት ፈጀባቸው። ከ600,000 ያህል ሐዲስ መረጡ ሲባል ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ሊቃውንቱ የሚቆጥሩት በመንገዱ ነው። አንድ ንግግር በአሥር ሰነድ ቢመጣ አሥር ይባላል፤ አንድ ፋይል ብዙ አድራሻ ሊኖረው እንደሚችለው። አንድ ሐዲስ ከማስገባታቸው በፊት ታጥበው ሁለት ረከዓ ይሰግዱ ነበር። ተከታያቸው ኢማም ሙስሊም ሁለት ታማኝ ራዊዎች በአንድ ዘመን ኖረው መገናኘት ከቻሉ ይበቃል ሲሉ፣ ቡኻሪ በእርግጥ መገናኘታቸው እንዲታወቅ ይፈልጉ ነበር። ሊሆን ይችላል የሚለው አልበቃቸውም፤ ዲስኩን ይነኩ ነበር ማለት ነው።

በስተመጨረሻ ወደ ቡኻራ ተመለሱ። የከተማዋ አሚር ቤተ መንግሥት መጥተው ኪታቦቻቸውን እንዲያስቀሩ ጠየቃቸው። ዕውቀትን ወደ ሹም ደጅ አልወስድም ብለው እምቢ አሉ፤ የፈለገ መስጂድ ወይም ቤታቸው ይምጣ። ለዚህም ከተወለዱባት ከተማ ተባረሩ። በ256 ዓመተ ሂጅራ (870 እ.ኤ.አ.)፣ በዒድ አል-ፊጥር ዋዜማ ሌሊት፣ ሰመርቀንድ አጠገብ ኸርተንክ በምትባል መንደር ዘመዶቻቸው ጋ አረፉ። በማግስቱ፣ በዒዱ ቀን፣ ከዙህር በኋላ እዚያው ተቀበሩ።