ያሬድ ከዛፉ ሥር፣ ያሬድ በንጉሡ ፊት

የቅዱስ ያሬድን ትል የማያውቅ ጥቂት ነው። ትሏ ዛፍ ልትወጣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ጫፍ ደረሰች፤ ያሬድም ይህን አይቶ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ለልጆች የሚነገረው እዚህ ላይ ያልቃል። ልጅ ሲሰንፍ ይነገረዋል፤ አዋቂም ሲደክመው ይነገረዋል። እኔ ከትሏ በፊትና ከትሏ በኋላ ያለውንም ላወራችሁ ፈልጌአለሁ። በማኅበራችን ዶቃ የሚሰኩ፣ ጥልፍ የሚጠልፉ፣ ሰፌድ የሚሰፉ፣ በሠርግና በለቅሶ ዜማ የሚያወጡ እህቶች አሉ። ከአንዷም ከሌላዋም የምሰማው አንድ ዓይነት ሆኗል፦ እጃቸው ሥራውን ያውቃል፣ ልባቸው ግን አልነሣ ብሏል።

ያሬድ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ነው። ከእኛ መካከል መካነ ኢየሱስ የምትሄድም፣ ሌላ ቤት የምታመልክም አለች። ታሪኩን የማነሣው ስለ ሥራውና ስለ ድካሙ ስለሆነ ሁላችንም እንስማው። ገድሉ የተጻፈው እርሱ ካለፈ ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው፤ ስለዚህ የምነግራችሁ ትውፊቱ እንደሚለው ነው።

የተወለደው በአክሱም ነው፤ ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. ይባላል። አባቱ አዳም፣ እናቱ ታውክልያ ይባላሉ። አባቱ ሲሞት ልጁ ገና ትንሽ ነበር። እናቱ ብቻዋን ልታሳድገውና ልታስተምረው ስላልቻለች ለዘመዱ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። ብዙ ሰው ይህን ክፍል በአንድ መስመር ያልፈዋል። ባሏ ሞቶባት ልጇን ለዘመድ የሰጠች እናት በሰፈራችን በኒውላንድ ስንት እንዳለች ለምናውቅ ግን ቶሎ የሚታለፍ አይደለም።

ጌዴዎን የአክሱም ጽዮን መምህር ነበር። ልጁ ትምህርቱ አልገባው አለ። ጓደኞቹ ቀድመውት ሄዱ፣ ሳቁበት፤ መምህሩም ገረፈው። በመጨረሻ ሸሸ። ማይ ኪራሕ በተባለ ቦታ ከዛፍ ጥላ ሥር አረፈ፤ ትሏንም እዚያ አያት።

ትሏን ያየው እያጠና አልነበረም። የሚገርፈውም የሚስቅበትም በሌለበት፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነው ያያት። ስድስት ጊዜ ስትወድቅ፣ በሰባተኛው ስትወጣ ለማየት ደግሞ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ያስፈልጋል። የደከማትን ሰው ትሏን እያነሣን በርቺ ስንላት ዛፉን እንረሳዋለን።

ከዚያ ተመልሶ መምህሩን ይቅርታ ጠየቀ፣ ተማረ፣ ዲያቆን ሆነ። ዜማውንም ከሰማይ በተላኩ ሦስት ወፎች አማካይነት እንደ ተቀበለ ይነገራል፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ ስልቶች የእርሱ ናቸው። ስጦታው ከሰማይ ቢመጣም ሥራው ግን በምድር ነበር። በስሙ የሚጠሩት መጻሕፍት አምስት ናቸው፦ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት። ድጓ ብቻውን የዓመቱን በዓላትና ወቅቶች ይዞ ይዞራል፤ ለክረምቱ የክረምቱን፣ ለመስከረም አበባው የአበባውን፣ ለልደቱ የልደቱን። ለጾሙ ሌላ፣ ለቍርባኑ ሌላ፣ ለሙት መሸኛው ሌላ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና እንደ ልማዴ ስቆጥረው ባዶ ቀን የሌለው ዓመት ነው። ቀኑ በደረሰ ቁጥር፣ ደስ ቢለውም ቢከፋውም፣ ከያሬድ አንድ ነገር ይጠበቃል።

ንጉሡ ገብረ መስቀል፣ የካሌብ ልጅ፣ ዜማውን እጅግ ይወድ ነበር። አንድ ቀን ያሬድ ሲዘምር ንጉሡ ጦሩን ተመርኩዞ ፊት ለፊቱ ቆሞ ያዳምጣል። በዜማው ተመስጦ ሳለ ጦሩ በያሬድ እግር ላይ ተተከለ። ደም ፈሰሰ። ዜማው እስኪያልቅ ድረስ የወጋውም የተወጋውም አላወቁም።

ይህ የሚነገረው የዜማው ጣዕም ምን ያህል እንደ ነበር ለማሳየት ነው። እኔ ግን ሌላም አይበታለሁ። ንጉሡ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የወጋው እየወደደው ነው። ያሬድም እግሩ እየደማ ያልተሰማው ሥራውን ስለሚወድ ነው። ሰው በሚወደው ሥራ ሲቆስል ቁስሉ የሚታወቀው ዜማው ካቆመ በኋላ ነው። ጎበዝ ጠላፊ ያላት ማንኛዋም ማኅበር ትእዛዝ በመጣ ቁጥር ወደ እርሷ ትሮጣለች። ታደንቃታለች፣ ሥራዋን ለእንግዳ ታሳያለች፣ ፎቶዋን በሪፖርት ትልካለች። ጦሩ ግን እግሯ ላይ እንደ ተተከለ ነው።

ንጉሡ ደንግጦ ጦሩን ነቀለ፤ ለፈሰሰው ደም ካሣ የፈለገውን እንዲጠይቅም ነገረው። ያሬድ ከመጠየቁ በፊት ንጉሡን በመሐላ አሰረው። የጠየቀውም ወርቅ ወይም ሹመት አልነበረም፤ ከቤተ መንግሥት ተሰናብቶ ወደ ገዳም መሄድ ነው። ንጉሡ አዘነ፤ መሐላውን ግን ማፍረስ አልቻለም። መሐላው ባይኖር ይለቀው ነበር? አይመስለኝም። የሚወደንን ሰው እረፍት መጠየቅ ከማይወደን ይልቅ ይከብዳል፤ ያሬድ ይህን ያወቀ ይመስለኛል። በእኛ ቋንቋ፣ ጉዳዩን አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ አስያዘው።

ከመሄዱ በፊት በአክሱም ጽዮን በታቦቱ ፊት ቆሞ አንቀጸ ብርሃን የተባለውን ምስጋና አደረሰ። ከዚያ ተከዜን ተሻግሮ ሰሜን ገባ። ለእኛ ለባሮ ዳር ሰዎች ያንን አገር ማሰብ ያስቸግራል፤ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ፣ በረዶና ጭጋግ ነው። እዚያ በጾምና በጸሎት ኖረ፤ ተማሪዎችንም አስተማረ። የቀረው ቀን እየጠበቀ የሚጠራው የቤተ መንግሥት ጥሪ ነው፤ ዜማውን አልተወም። ግንቦት 11 ቀን እንደ ተሰወረ ይነገራል፤ መታሰቢያውም በየዓመቱ በዚያ ቀን ይውላል። ዜማው በደቀ መዛሙርት ቃል እየተላለፈ ዛሬም ደቡብ ጎንደር ጋይንት፣ ቤተልሔም በተባለው የድጓ ማስመስከሪያ ይሰጣል።

ወደ እኛ ደንብ ልምጣ። አባል ለወሊድ፣ ለሕመምና ለሐዘን ከሥራ የምትቀርበት አንቀጽ አለን። እጇ ደኅና ሆኖ ልቧ ለዛለባት አባል ግን ምንም የለንም፤ ስለዚህ ታምሜአለሁ ብላ ትቀራለች፣ ወይም ጭራሽ ትጠፋለች። ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሐሳብ በጽሑፍ አስገብቻለሁ። እንዲህ ያለች አባል ሁለት ወር ትእዛዝ ሳትቀበል፣ የብድር ክፍያዋ ለእነዚያ ወራት ተራዝሞላት፣ ቦታዋም ሳይነካ እንድትቆይ የሚል ነው። ከፈለገች በዚያ ጊዜ ለአዲስ አባላት ታስተምር፤ ካልፈለገች ትቀመጥ። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ ከመጠባበቂያው የሚወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው። የሚከብደው በእነዚያ ወራት በሪፖርታችን ላይ የምርቱ ቁጥር ዝቅ ማለቱ ነው። ለጋሾቻችንም ይህን መጽሔት ስለምታነቡ፣ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ስታዩት ምክንያቱን ከወዲሁ እንድታውቁት ብዬ ነው።