የሃኖቨሩ ሙዚየም ሰው፦ አሌክሳንደር ዶርነር (1893–1957)

የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዘንድሮው መሰባሰቢያ አንድ የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ ከሐኪም የሚጠበቀው ስለ ሐኪም መጻፍ መሆኑ አልጠፋኝም። ስለ ሐኪሞች የሚጽፉ ባልንጀሮች ግን ሞልተውናል። እኔ የመረጥኩት የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ነው፤ ያውም በበርሊን ወይም በፓሪስ ሳይሆን በአንድ የጀርመን ክፍለ ሀገር ከተማ የሥዕል ሙዚየም የመራ ሰው። ስሙን የሰማሁት በራዲዮሎጂ ስፔሻላይዝ ለማድረግ ሃኖቨር በነበርኩበት ጊዜ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ምስል ሳነብ ነው የምውለው። ሰው ምስልን እንዴት ያያል በሚለው ጥያቄ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ሳገኝ እንዴት ዝም ብዬ ልለፈው? (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዶርነር የተወለደው በ1893 በኮኒግስበርግ ነው፤ ከተማዋ ዛሬ ካሊኒንግራድ ተብላ በሩሲያ ሥር ናት። በርሊን ዩኒቨርሲቲ በአዶልፍ ጎልድሽሚት ሥር የሥነ ጥበብ ታሪክ ተማረ፤ ኋላ ስመ ጥር የሆነው ኤርቪን ፓኖፍስኪም በዚያው መምህር እጅ ያለፈ ነው። ከዚያ ሃኖቨር ገባ፤ በ1925 የክፍለ ሀገሩ ሙዚየም የሥነ ጥበብ ክፍል ዳይሬክተር ሲሆን ገና 32 ዓመቱ ነበር።

የተረከበው የሥዕል ክፍል መጋዘን ይመስል ነበር ማለት ይቻላል። ሥዕል በሥዕል ላይ ተደራርቦ፣ ጎብኚው የቱን ይዞ የቱን እንደሚተው ግራ ይጋባል። ዶርነር ብዙውን አወረደ፤ የቀረውን በዘመን ቅደም ተከተል ደረደረ፤ እያንዳንዱን ክፍል ደግሞ ለየዘመኑ በሚስማማ ቀለም አስቀባ። የመካከለኛው ዘመን ክፍሎች ጨለም ያሉ፣ የሕዳሴው ዘመን ነጭና ግራጫ፣ የባሮክ ዘመን በቀይ ቬልቬት የተሸፈነ፣ ከዚያ የሚቀጥለው የሮኮኮ ዘመን ሮዝና ወርቅማ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የየዘመኑ ሰው ዓለምን የሚያይበት ዓይን የተለያየ ነው፤ ስለዚህ ጎብኚው ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን ያንን ዓይን ጭምር ለጥቂት ደቂቃ ይዋስ። በዛሬ መመዘኛ ትንሽ ቴአትር የበዛበት ሊመስል ይችላል፤ እኔም እንዲያ ይመስለኛል። ግን ያኔ አንድም የሥነ ጥበብ መጽሐፍ ያላነበበ የፋብሪካ ሠራተኛ ገብቶ የሆነ ነገር ተሰምቶት ይወጣ ዘንድ የታሰበ ነው።

ለራሱ ዘመን ምን ዓይነት ክፍል ይሥራ? ይሄ ነው ዝነኛ ያደረገው። በ1926 ድሬስደን ላይ ሩሲያዊው ኤል ሊሲትስኪ ለአንድ ኤግዚቢሽን የሠራውን ክፍል አየና ለሃኖቨርም እንዲሠራለት ጠየቀው። «የረቂቅ ሥዕል ክፍል» የሚባለው በ1927 እና 1928 ተሠራ። ትንሽ ክፍል ናት። ግድግዳዎቹ ግራጫ ሆነው፣ በላያቸው ላይ ቀጫጭን የብረት ጠፍጣፋዎች በጠርዛቸው ቆመው ጎን ለጎን ተደርድረዋል። የእያንዳንዱ ጠፍጣፋ አንዱ ጎን ነጭ፣ ሌላው ጥቁር ነው። ስለዚህ ጎብኚው አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር ግድግዳው ከነጭ ወደ ግራጫ፣ ከግራጫ ወደ ጥቁር ይለወጣል። ሥዕሎቹ በተንሸራታች ሰሌዳዎች ላይ ስለነበሩ ጎብኚው በእጁ እየገፋ አንዱን ሲገልጥ ሌላውን ይሸፍናል። እነ ሞንድሪያንና ሞሆይ-ናጅ የተሰቀሉት እዚያ ነው። አትንኩ በሚባልበት ሙዚየም ውስጥ ኑ ንኩ የሚል ክፍል ማለት ነው።

ሐኪም ነኝና አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። ሊሲትስኪ በ1923 የሳንባ ነቀርሳ እንዳለበት ታውቆ ስዊዘርላንድ ሲታከም የቆየ ሰው ነው። ያንን ክፍል የነደፈው ከበሽታው ጋር እየታገለ ነበር። በ1941 ሞስኮ ውስጥ ሞተ። ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በ1943 ነው።

በ1929 ዶርነር ሌላ ነገር አመጣ። በሃኖቨሩ የኬስትነር ማኅበር አዳራሽ በወረቀት ላይ የተሠሩ ኦሪጅናል ሥራዎችንና የታተሙ ቅጂዎቻቸውን ጎን ለጎን ሰቅሎ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ለዩ አለ። ሰዉ ተቸገረ። በሥነ ጥበብ ምሁራን መካከል ትልቅ ክርክር ተነሣ፤ የሃምቡርጉ ሙዚየም ዳይሬክተር ማክስ ዛውርላንት አጥብቆ ተቃወመው፤ በ1930 ፓኖፍስኪም በጉዳዩ ላይ ጻፈ። ዶርነር የሚለው፣ ቅጂው ያንኑ እስካሳየ ድረስ ኦሪጅናሉ ሩቅ የሆነበት ሰው ለምን ይቅርበት ነው። በፎቶ ኮፒ ሃንድአውት ላደግን ለእኛ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፤ የአናቶሚ አትላሱን ከነቀለሙ ያየን ስንቶቻችን ነን? በሙያዬም ፊልሙን ላይት ቦክስ ላይ ሰቅለን እናነብ የነበርን ሰዎች አሁን ስክሪን ላይ ነው የምናነበው፤ የቱ ኦሪጅናል ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለማስተማር ከሆነ ከዶርነር ጎን ነኝ። ለሌላው ግን ኦሪጅናሉን ደብቆ ያቆየ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህንንም ራሱ አድርጎታል።

ካዚሚር ማሌቪች በ1927 በርሊን ላይ ሥራዎቹን አሳይቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ሥዕሎቹን ጀርመን ትቶ ነበር። ተመልሶ አላያቸውም፤ በ1935 ሞተ። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ቆይተው በመጨረሻ በዶርነር ሙዚየም ምድር ቤት ተቀመጡ፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ አገሩን የያዙት ናዚዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ዳይሬክተር አልፍሬድ ባር ሃኖቨር መጣ። ገሚሱን ገዝቶ፣ ገሚሱን ተውሶ ከአገር አወጣ፤ ሁለቱን ሥዕሎች ያሳለፋቸው በጃንጥላ ውስጥ ጠቅልሎ ነው ይባላል።

እንዲህ ሲባል ግን ሰውየውን ማሳመር አልፈልግም። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ ዶርነር ጥሎ አልሄደም፤ አራት ዓመት ቆይቷል። ከገዢዎቹ ጋር ተግባብቶ ቦታውን ለማቆየት መሞከሩን በኋላ የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል። ሁለቱንም ያደረገው አንድ ሰው ነው። የረቂቅ ሥዕል ክፍሉ ፈረሰ፤ ከሙዚየሙ ብዙ ሥራዎች ተወረሱ፤ ከፊሎቹ በ1937 ሙኒክ ላይ ሕዝብ እንዲስቅባቸው ተሰቀሉ። ዶርነር በዚያው ዓመት ጀርመንን ለቀቀ።

አሜሪካ ውስጥ በ1938 በፕሮቪደንስ፣ ሮድ አይላንድ፣ የዲዛይን ትምህርት ቤቱን ሙዚየም ተረከበ። ከበላዮቹ ጋር አልሰመረለትም፤ በ1941 ወጣ። ዕድሜው 48 ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሙዚየም መርቶ አያውቅም። ውጭ አገር ያላችሁ፣ ተምራችሁ የመጣችሁበትን ሥራ ሳታገኙ ሌላ ሥራ የገባችሁ፣ ይሄን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እሱ አስተማሪ ሆነ፤ መጀመሪያ ብራውን ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1948 ጀምሮ ቤኒንግተን ኮሌጅ። በመካከሉ፣ በ1947፣ ዋና መጽሐፉን አሳተመ፤ መግቢያውን የጻፈለት ፈላስፋው ጆን ዲዊ ነው። በ1957 ለጉዞ በሄደበት ኔፕልስ ላይ አረፈ።

ሃኖቨር ብቅ የምትሉ ካላችሁ፣ ያቺ ክፍል አለች። በ1968 እንደገና ተሠርታ፣ በ1979 ወደ ሽፕሬንገል ሙዚየም ተዛወረች። ኦሪጅናሏ አይደለችም፤ ቅጂ ናት። እኔ እንኳ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ስትገቡ በቀኝም በግራም ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፤ ቆሞ ለሚያይ ሰው ግራጫ ግድግዳ ብቻ ነው።